ሄደህ ተመለስ የተባለው ኮች

ልጅ ሆኜ በሬ ሲገዛ አይቻለሁ። ገዢው አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ጭራውን ይጎትታል፣ ሽንጡን በመዳፉ ይመታል፣ ከዚያ ያልወደደ መስሎ ፊቱን ያዞራል። ነውር የለውም፣ በሬ ነው። ሰው እንደዚያ ሲታይ ያየሁት ግን እዚህ ላስ ቬጋስ ነው፣ ያውም የገዛ ልጄ።

ሐምሌ በገባ ቁጥር ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ጎረምሶች ከየስቴቱ ወደዚህ ከተማ ይጎርፋሉ። ውጪው የጫማ ሶል የሚያቀልጥ ሙቀት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ኤር ኮንዲሽኑ አጥንት ይሰብራል። ሜዳዎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ የአንዱ ፊሽካ ከሌላው ይደባለቃል። በየሜዳው ዳር የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች በታጣፊ ወንበር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሁሉም ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለበት ሸሚዝ ለብሷል። በዚያ ሰሞን ከወላጅ ጋር ማውራት በደንባቸው ስለሚከለከል አፋቸውን ዘግተው በደረታቸው ነው የሚያናግሩህ። ወላጁም ይገባዋል። ልጇ ሜዳ ላይ እየተላላጠ የአሰልጣኝ ሸሚዝ ስታነብ የምትውል እናት ስንት አየሁ መሰላችሁ።

እኔ ሴኩሪቲ ነኝ። ቋሚ ሺፍቴ ዳውንታውን አንድ ያረጀ ካዚኖ ውስጥ ነው። በሐምሌ ግን አዳራሹ ሰው ስለሚያንሰው ድርጅታችን ወደዚያ ያዞረናል። ያን ዓመት ልጄ ሊውል የሚጫወተው እዚያ ስለነበር ለምኜ ተመደብኩ። የደንብ ልብሴን ለብሼ በር ላይ እቆማለሁ፣ አንድ ዓይኔ በሩ ላይ አንድ ዓይኔ ልጄ ላይ።

ሊውል ተስፋ ቆርጠን ሳለን እግዜር የሰጠን አንድ ልጅ ነው። ቁመቱ ከእናቱ ወገን ነው። ጠባዩን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ በሱዳን በኩል የወጣሁ ሰው ነኝ፣ እሱ ግን መጽሐፍ የማይጠግብ ሆነ። ኳሱንም እንደ ሒሳብ ነው የሚጫወተው። ብዙ አይዘልም፣ ብዙ አይጮህም፣ ኳሷን ግን ጓደኛው ገና ወደሚደርስበት ቦታ ቀድሞ ይልካታል። የገባው ተመልካች ያጨበጭባል፣ ያልገባው ደግሞ ኳሷን ለተቀበለው ያጨበጭባል።

አንድ ቀን እሱ እየተጫወተ ሳለ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ጫማው አፈር ነክቶት የማያውቅ አንድ አሰልጣኝ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ደረቱ ላይ ያለውን ስም አነበብኩት። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠራውም። ሐረግ የወጣበት የድንጋይ ሕንፃ ያለው፣ ስንቱ ሹም የተማረበት ቦታ ነው። ልጁ እዚያ የገባለት ሐበሻ ከዚያ ወዲያ ልጁን በስሙ አይጠራውም፣ «እዚያ ያለው ልጄ» ነው የሚለው። እና ይህ ሰውዬ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ሲመጣ፣ የሊውል አባት መሆኔን ሰው ነግሮት በዓይኑ እንኳ ሰላም ሊለኝ ነው ብዬ ወገቤን ቀጥ አደረግሁ።

ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። እጁን ዘረጋና የጠጣበትን የወረቀት ብርጭቆ አስያዘኝ። ቀና አላለም፣ አመሰግናለሁ አላለም። አተላው በክዳኑ በኩል ፈስሶ እጄን አራሰው። የቆሻሻ መጣያው ከክርኑ አጠገብ ነበር።

ጣልኩለት። ምን ላድርግ፣ ልጄ እየተጫወተ ነው።

መስከረም ላይ ሊውል ስልኩን ይዞ እየሮጠ ወደ ኩሽና መጣ። ያ ዩኒቨርሲቲ ፈልጎኛል፣ ኮች ብሬነን የሚባለው የዋናው አሰልጣኝ ምክትል ቤታችን ድረስ ሊመጣ ነው አለን። ነገሩንም አስረዳን። እዚያ ትምህርት ቤት በማርክ ብቻ የሚገባው ከመቶ ጥቂቱ ነው፣ ጎበዝ የተባለውም አልተቀበልንህም ይባላል። አሰልጣኞቹ ግን በየዓመቱ ጥቂት ስም ተማሪ ለሚቀበለው ቢሮ ያቀርባሉ፣ ስምህ ከእነዚያ ውስጥ ከሆነ በሩ ተከፈተልህ ማለት ነው። ወጪውን ዩኒቨርሲቲው ይችላል። ሊውል የፈለገው ያንን ቦታ ነበር። እዚያ መማር፣ እዚያም መጫወት። ይህ ልጅ አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግ ያየሁት ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊት መጫወቻ እንኳ ለምኖኝ አያውቅም።

ባለቤቴ የሻሽወርቅ እልልታዋን ጨርሳ መጀመሪያ የደወለችው ለወንድሟ ለወልደሥላሴ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ወልደሥላሴ ማስተርስ አለው። ሲልቬራዶ ራንች የሚባለው ሰፈር የሒሳብ ቢሮ ከፍቶ የሐበሻውን ታክስ ይሠራል፣ የደብራችን የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበርም ነው። በዕድሜ እኩያሞች ነን። ግን እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ልንገራችሁ። እህቱን ላገባ ሽማግሌ ስልክ በአባት ቦታ የተቀመጠው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ «ሄዳችሁ ተመለሱ» ማለት ወግ ነው፣ ሴት ልጅ በአንድ ቃል አትሰጥም፣ እሱን አልቃወምም። እሱ ግን ሽማግሌዎቼን መላልሶ መላልሶ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ አመላለሳቸው። ባመላለሳቸው ቁጥር የሚጠይቃቸው ደግሞ ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ነበር። በየጊዜው መልሱ የሚለወጥ ይመስል።

እና አሁን ይኸው ሰው ሶፋችን ላይ እግሩን አጣጥፎ ፍርድ ሰጠ። ቤት ድረስ መጥተው ልጅ ስጡን የሚሉ ከሆነ ይህ ልጅ ጥየቃ ነው፣ እኛም ወግ ያለን ሰዎች ነን፣ እንደ ወጋችን እንቀበላለን አለ። በዚህ ከተማ ሐበሻ ሲጋባ ሽማግሌ ሆኖ ያልተቀመጡበት ቤት የሌላቸውን ጋሽ ዓምደሚካኤልን ከጎኑ ሊያስቀምጥ ወሰነ። ወደ እኔም ዞረ።

«ግዛው፣ በሽምግልና ላይ አባት አይናገርም። አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ሊውል ለማስረዳት ሞከረ። አማርኛው እንዲህ ነው፣ ግማሹ ይደርሳል ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። «አጎቴ፣ ይሄ ሰርግ አይደለም። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ የስ እላለሁ፣ በቃ» አለ። አጎትየው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ፈገግ አለ። ልጅ ነህ፣ ቶሎ እሺ ያለ ቤት ይናቃል አለው።

ኮቹ የመጣው ረቡዕ ቀን ነው፣ ያው የሐምሌው ባለ ብርጭቆ ሰውዬ ነው። ሴቶቹ የጾም ምግብ ደርድረዋል። ጋሽ ዓምደሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው፣ ወልደሥላሴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ተቀምጠዋል። በወጉ ጠያቂ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፣ ተቀመጥ ሲባል ይቀመጣል። ይህኛው «ሰላም፣ ሰላም» እያለ ገባ፣ ይህን ይህን አጥንተው ነው የሚመጡት፣ ገብቶም ማንም ሳይጠይቀው ጋሽ ዓምደሚካኤል ለጸሎት ብድግ ሲሉ በለቀቁት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ። ማንም ተነስ ሊለው አልደፈረም። ሄጄ ከኩሽና ወንበር አመጣሁላቸው።

ለእኔም ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። በመጨረሻ እርስዎን ለማግኘት በመብቃቴ ክብር ይሰማኛል አለኝ። ፊቴን አይቶ ነው ያለው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ብርጭቆው ትዝ አላለውም። ያን ቀን የጨበጠው እጅ አተላው የፈሰሰበት እጅ ነው።

ከዚያ ሽሮውን እያወደሰ ንግግሩን ቀጠለ። እኛ የምንፈልገው ተጫዋች ሳይሆን ሰው ነው አለ። ቤተሰብ የሚለውን ቃል እንደ ጨው በተነው፣ ቡድናችን ቤተሰብ ነው፣ ዋናው አሰልጣኝ አባት ነው፣ ዶርሙ ቤት ነው። ልጆች ከቤት ወስዶ ለሌላ ቤተሰብ የሚሰጥ ሰው ስለ ቤተሰብ ይህን ያህል ሲያወራ ያስጠላል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ተናገረ፣ እኔም በራሴ ጆሮ ሰምቼዋለሁ። በሐምሌ አይተነዋል፣ ሜዳውን እንደሱ የሚያይ ልጅ የለንም፣ ኳስ የሚያከፋፍለው ልጃችን በሚቀጥለው ዓመት ስለሚመረቅ ቦታው የሊውል ነው አለ።

«ቃላችሁን ዛሬ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ሊውል አፉን ከፈተ። ወልደሥላሴ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘውና የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ተነሳ። በሚያምር እንግሊዝኛ ነው የተናገረው፣ ነገሩ ግን ያው የአገር ቤት ነገር ነው።

«ሰምተናል። የጠየቅኸን ልጅ ነው፣ እኛ ዘንድ ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። ዘመድ እንጠይቃለን፣ እንጸልያለን። ሄደህ ተመለስ።»

ኮቹ ወደ ሊውል ዞረ። ሊውል የራሱን ካልሲ ያያል። ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት ቢሆን ልጁ «እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ይጮህ ነበር፣ የእኛ ልጅ ግን አጎቱ ቆሞ እያለ አይናገርም፣ እንደዚያ ነው ያሳደግነው። ኮቹ ፈገግታውን አላጠፋም። ባህላችሁን አከብራለሁ አለ፣ ጋሽ ዓምደሚካኤል መረቁት፣ የተከራየውን መኪና አስነስቶ ሄደ።

ምን ዋጋ አለው መዋሸት፣ ደስ ብሎኛል። ያ ጫማው የማይቆሽሽ ሰውዬ ባዶ እጁን ከቤቴ ሲወጣ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወግ ነው፣ ደግሞም ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። እኔ ስንቴ ሽማግሌ ልኬ ተመልሻለሁ።

አልተመለሰም።

መጀመሪያ ሳምንት ሊውል ስልኩን ከእጁ አላወረደም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መልእክት መጣለት። ከጂም ሳመጣው መኪናው ውስጥ ነው ያነበበው፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ቤተሰብህ ዝግጁ አለመሆኑን ተረድተናል፣ የኳስ አከፋፋዩን ቦታ ወዲያው እሺ ላለን ለሌላ ልጅ ሰጥተናል፣ መልካም ዕድል ይላል። አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቤት ስንደርስ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳጠፋ ግን አልወረደም። ብቻውን ትቼው ገባሁ።

የሻሽወርቅ ስትሰማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወልደሥላሴ ጋ ደወልን። ምን ቢል ጥሩ ነው? የሚፈልግ ሰው ይመለሳል፣ ያልተመለሰ ድሮም አልፈለገም አለ። በጣም ያስቆጣኝ እኔም በልቤ እንደዚያ ማሰቤ ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ነገር ከመስማማት መርዝ ብጠጣ ይሻለኛል። ግን አስቡት፣ እኔን ያህል የተናቀ ሰው ለአንዲት ሴት ብሎ እየተሰደበ ተመላልሷል። ይህኛው ቤተሰብ ቤተሰብ ሲል አምሽቶ አንዲት «ተመለስ» ከበደችው። እነሱ ዘንድ ልጅ ካንዱ ሱቅ ሲያጡት ከሌላው የሚያነሱት ዕቃ ነው።

ሊውል አልጮኸብንም። አማርኛ ማውራት ብቻ ተወ። እናቱ በአማርኛ ትጠይቀዋለች፣ በእንግሊዝኛ ይመልስላታል። አባዬ የሚለኝ ልጅ ዳድ ይለኝ ጀመር። ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን እየጻፈ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል።

ኅዳር ላይ ኮቹ ደወለ።

የሻሽወርቅ እንደገና እልል አለች። ወልደሥላሴ «አላልኳችሁም? ተመለሰ» ብሎ ደብሩን ሁሉ አዳረሰ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እጁን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ አለው፣ እሱን። ልጁ የእሱ ነው የሚመስለው። እኔም አልዋሽም፣ ለትንሽ ጊዜ ቢሆንም ሰውዬውን በክፉ ጠርጥሬው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሊውል ግን አልጨፈረም። ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ከጓደኛው ከማርከስ ቤት ሳመጣው መኪና ውስጥ ነገሩን ነገረኝ። ማርከስ ከእሱ ጋር አንድ ቡድን የሚጫወት፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ግዙፍ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤታችን መጥቶ በልቷል። ትምህርት ግን አይሆንለትም። ያ ዩኒቨርሲቲ ማርከስን አጥብቆ ይፈልገዋል። ችግሩ እዚያ ደንብ አለ፣ በዓመቱ የሚያስገቧቸው ተጫዋቾች የትምህርት ውጤት ተደምሮ ሲካፈል ከአንድ ወለል በታች መውረድ የለበትም። ማርከስ ብቻውን ወለሉን ያወርደዋል። ስለዚህ ውጤቱ ሰማይ የነካ ሌላ ልጅ አብሮት መግባት አለበት፣ የአንዱ ክምር የሌላውን ጉድጓድ እንዲሞላ። ለዚያ ያጩት ልጅ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ቦታ ሄደ። እነሱም ስልካቸውን አገላብጠው የእኛን ልጅ አስታወሱ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማርከስ። ኮቹ ነገረው። አንድ ጭንቅላት ብቻ ቀረን፣ እሱን ካገኘን ገባህ አለው።»

መንገድ ዳር አቆምኩ። ጭንቅላት። በሬ ገዢ እንኳ ሙሉ በሬውን ነው የሚገዛው። እና አትጫወትም ማለት ነው አልኩት። ቡድን ውስጥ እሆናለሁ፣ ልምምድ እሠራለሁ፣ ጨዋታ ላይ ግን አልገባም አለኝ። የመጀመሪያው ቀን እሺ ብንል ኖሮ ይጫወት እንደነበር ያምናል። ይህን ሲናገር ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው።

ይህን ሰው ቤቴ አላስገባውም አልኩ። ያኔ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረኝ።

«አባዬ፣ ፕሊስ። ምንም እንዳትል። እኔ መማር እፈልጋለሁ እዚያ። እነሱ እኔን ይጠቀማሉ፣ እኔ እነሱን። ኦልሬዲ አንዴ አበላሽታችሁብኛል።»

አበላሽታችሁብኛል። እኔን ከወልደሥላሴ ጋር ደርቦ።

ኮቹ ሁለተኛ ሲመጣ ቤቱ ሌላ ቤት ነበር። በወጉ በሁለተኛው መምጣት ላይ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ጠባይ ይመረመራል። የእኛዎቹ ግን ፈርተዋል። ጋሽ ዓምደሚካኤል ሳይጠየቁ ወንበራቸውን ለቀቁለት። ወልደሥላሴ ሰውዬው ካፖርቱን ሳያወልቅ «ተስማምተናል» ሊል ይቸኩላል። ኮቹ ስለ ቤተሰብ አወራ፣ ስለ ሊውል ልዩ አእምሮ አወራ። ስለ ሜዳውና ስለ ኳስ አከፋፋይነቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከእኔና ከሊውል በቀር ይህን ያስተዋለ የለም። ወይም አስተውለው ዝም ብለዋል፣ እሱ ይብሳል።

ወልደሥላሴ ኮቱን ሲቆልፍ እኔ ተነሳሁ። በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። እንግሊዝኛዬ የበር እንግሊዝኛ ነው፣ መታወቂያ አሳየኝ፣ በዚህ ማለፍ አይቻልም፣ እንደዚያ። ለዚህች ግን ይበቃል።

«ልጄ ይጫወታል?»

ኮቹ እኔን ትቶ ወደ ወልደሥላሴ ዞረ። እንዲተረጉምለት። ወልደሥላሴም አያፍርም፣ የእኔን እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ተረጎመለት፣ ቃሉ እንኳ አልተለወጠም።

ኮቹ ጥርሱን አሳየኝ። ሊውል በአጠገቡ ያሉትን ሁሉ የተሻሉ የሚያደርግ ልጅ ነው፣ በቡድናችን ትልቅ ሚና ይኖረዋል አለ።

ሚና። የማርከስን ስም ልጠራለት፣ ሐምሌ ያስያዘኝን ብርጭቆ ላነሳበት፣ በሩን ላሳየው አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። የሻሽወርቅ ነጠላዋን ጨብጣለች፣ ወልደሥላሴ ዓይኑን አፍጥጦብኛል፣ ያን ዓይን ከሠርጌ በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ የሚለው ዓይን ነው። እነዚህን ሁሉ አልፈራሁም። ሊውል ግን ቆመ።

«አባዬ፣ የምሄደው እኔ ነኝ» አለኝ። ቀስ ብሎ። ወደ ኮቹም ዞሮ «የስ» አለው።

ተቀመጥኩ። ወልደሥላሴ የሚያምር ንግግሩን ሳይናገር ስለቀረ ቁጭቱን በምርቃቱ ተወጣው፣ ረጅም ምርቃት መረቀ። ጋሽ ዓምደሚካኤል አሜን አሉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ልጁ ለምን እንደተፈለገ ቢነገራቸውም እልልታው የሚቀንስ አይመስለኝም። ስሙን ነው የሚፈልጉት። ልጃችን እዚያ ገባ የሚለውን። በሬው ተሽጦ ቆዳው ቤት ከቀረ ይበቃቸዋል።

ኮቹን እስከ መኪናው የሸኘሁት እኔ ነኝ፣ አባት አይደለሁ። በሩን ሲከፍት በሐምሌ አዳራሹ በር ላይ ብርጭቆህን ጥዬልሃለሁ አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም። ሳቀና አመሰግናለሁ አለኝ። ያኔ ያልሰጠኝን ነው የሰጠኝ።

ሊውልን በነሐሴ አየር ማረፊያ አደረስኩት። አቀፈኝ፣ ሄደ። በቀጣዩ ኅዳር የመጀመሪያ ጨዋታቸው በቴሌቪዥን ተላለፈ። ወልደሥላሴ ቤቱ ሰው ጠርቶ፣ ግድግዳ የሚያህለውን ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም ያለበት ሹራብ ለብሶ ጠበቀን። እኔ ከሺፍት እንደወጣሁ የደንብ ልብሴን ሳልቀይር ሄድኩ። ልብሴን አይቶ ከኋላ ወንበር ሰጠኝ።

ማርከስ ያን ቀን አገር አናወጠ። ዘለለ፣ ነጠቀ፣ አገባ፣ ሕዝቡ በስሙ ጮኸ። ልጁን አልጠላሁትም፣ እሱም እንደ እኛው የተሸጠ ነው። ካሜራው ወደ ተቀያሪዎቹ ዞር ባለ ቁጥር የወልደሥላሴ ቤት ይናወጣል፣ «ያው፣ ያው ሊውል» ይባላል፣ የሻሽወርቅ ስክሪኑን በእጇ ትዳስሳለች። ሊውል መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከወገቡ በላይ የልምምድ ሹራብ ለብሶ፣ ጨዋታውን በዚያ በሚያውቀው ዓይኑ እየተከተለ። ኳሷ የት መሄድ እንዳለባት ቀድሞ ሲያይ ከፊቱ ይታወቃል። ኳሷ ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ዕረፍት ሲጠየቅ ተጫዋቾቹ ዋናውን አሰልጣኝ ከበቡ። ኮች ብሬነን ዳር ቆሞ ውኃውን ጠጣ። ዓይኑ የጨዋታው ሰሌዳ ላይ ነው። ቀና ሳይል፣ ዞር ሳይል፣ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ሊውል ከወንበሩ ብድግ ብሎ ብርጭቆውን ተቀበለው። በሌላ እጁ ፎጣ ይዟል። ብርጭቆውን ይዞ ወዴት እንደሚጥለው ዞር ዞር ብሎ ፈለገ፣ ከዚያ ካሜራው ከእሱ ላይ ተነሳ።

«አያችሁት? ከኮቹ አጠገብ ነው እኮ» አለ ወልደሥላሴ። ሰው አጨበጨበ።

ተነስቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ስልኬ ጮኸ፣ ሊውል ነው። ከኋላው የሚዘፍኑ ልጆች ድምፅ ይሰማል፣ አሸንፈዋል። ኬሚስትሪው እንደከበደው፣ ግን እንደወደደው ነገረኝ፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በላይ ማርክ ያመጣው እሱ ነው። አማርኛው ትንሽ ተሻሽሏል፣ እዚያ ያሉ ሐበሾች ጋ ይሄዳል። ከዚያ ጠየቀኝ።

«አባዬ፣ አየኸኝ?»

«አየሁህ» አልኩት።